የእርቅ ዶሮ

ሰገነት ወጡን እያማሰለች ሳለ ከግቢው በር «ቤቶች!» ያለውን ሰው በድምፁ ለየችው። ስጦታው ነው። ማማሰያው እጇ ላይ ቆመ።

«ሰማሽው?» አለቻት እህቷን።

ሰሎሜ ማድቤቱ ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ እንቁላል ትልጣለች። ቀና አላለችም። ፊቷን በነጠላ ተሸፋፍና ከሞጣው አውቶብስ ቢቸና ከወረደች ወር ሊሞላት ነው። የመንጋጋዋ እብጠት ጎድሏል፤ በግራ በኩል የወለቁት ጥርሶቿ ግን ዛሬም ከፍትፍት ሌላ አያስበሏትም። ባሏ ስጦታው ለጎረቤቱ ሁሉ «ከደረጃ ወድቃ ነው» ብሎ አውርቷል። ቤታቸው ደረጃ የለውም።

ጠዋት አባታቸው አቶ ምንይሉ አውራ ዶሮ አንጠልጥለው መጥተው፣ «እንግዶች አሉብኝ፤ እንደ እናትሽ አድርገሽ ሥሪልኝ» ነበር ያሏት። እናታቸው ካረፈች ጀምሮ የሰገነትን ሙያ ከእናቷ ጋር አንድ ላይ ጠርተውት አያውቁም። ደስ አላት። ሽንኩርቱን በገዛ ውሃው ብቻ ስታቁላላ ቆማ ዋለች። ድፎውን በኮባ ጋገረች። ለክፉ ቀን ያኖረችውን ቅቤ ሳይቀር አወጣች። አሁን ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አጋደመችው።

አቶ ምንይሉ ጎንበስ ብለው ገቡ። አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰዋል።

«ደረሰ?»

«ለማን ነው የሠራሁት፣ አባባ?»

«ለሽማግሎቹ ነዋ። መሪጌታ ወልደ ኪዳን እንኳ ሳይቀሩ መጥተዋል። ከስጦታው ጋር ታርቀናል። ዳቦው ተባርኮ ይቆረስና ነገ በጠዋት ሚስቱን ይዞ ይሄዳል።»

እንቁላሉ ከሰሎሜ እጅ አምልጦ አመዱ ላይ ወደቀ።

«ማን ነው የታረቀው?» አለች ሰገነት። «እሷን ጠየቋት?»

«አባቷ አይደለሁም? ታረቅሁላት።»

«የወለቀው የእርስዎ ጥርስ ነው?»

እጃቸውን አነሱ፤ ሳሎን እንግዳ መኖሩ ትዝ ሲላቸው መልሰው አወረዱት። «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ! በወጉ አቅርቢ። ፈረሰኛውን ለስጦታው አውጪለት፤ የተከበረ መሆኑን ይወቀው» ብለዋት ወጡ።

የተከበረ!  ሰገነት ጨርቁን በእጇ ጠቅልላ ድስቱን ከነመንተክተኩ አነሳችው። ሳሎን ገብታ ስጦታው ፊት ላይ ልትደፋበት ነው። ከዚያ የሚመጣው ይምጣ! በሩ ጋ ደርሳ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር አለች።

ሰሎሜ አመድ የነካውን እንቁላል እያጠበች ነበር። ለእንግዶቹ እንዳይጎድል።

ሰገነት ድስቱን መሬት አስቀመጠችና በሩን ዘግታ ቀረቀረችው።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለች ሰሎሜ ደንግጣ።

ሰገነት ትሪ ላይ እንጀራ ዘረጋች። ፈረሰኛውን ከድስቱ አወጣች፤ ጣቷን እየፈጀው ሥጋውን ለሕፃን እንደሚደረገው አድቅቃ ተለተለችው፤ ጠቀለለችና ዘረጋችላት።

«ብይ።»

«የእንግዳ ነው እኮ።»

«የማን እንግዳ? እኔ ጠርቼዋለሁ? ብይ ብዬሻለሁ!»

ጩኸቷ ማድቤቱን ሞላው። ሰሎሜ ሽምቅቅ ብላ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

ሰገነት ጉርሻውን እንደያዘች እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች። እህቷ ክንዷን ለማንሳት ምን ያህል እንደፈጠነች አየች። ሞጣ ቤቷ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጋ ይሆን?

«አንቺን አይደለም» አለቻት አጠገቧ ተንበርክካ። «አንቺን አይደለም የተቆጣሁት፣ የኔ እናት።»

ሰሎሜ ክንዷን ቀስ ብላ አወረደችና አፏን ከፈተች።

በሩ ተደበደበ። «ሰገነት! ክፈቺ! ሰው እየጠበቀ ነው!» አሉ አባቷ።

ሰገነት ድፎውን ከኮባው አላቀቀችው። ካህን ሳይባርከው፣ ቢላ ሳታነሳ፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ገመሰችው። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ቦነነ። ከመሃሉ ልስልሱን አንስታ ወጥ አጥቅሳ ለእህቷ አጎረሰቻት።

ውጭ የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ድምፅ ተሰማ። «ምን ሆነው ነው? ምንይሉ፣ ልጅቱ ፈቅዳለች አላልኸንም?»



ሰሎሜ ዋጠች። ወደተዘጋው በር ዞረች። «መሪጌታ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች። ድምፏ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰሙት። «አልመለስም።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ መሪጌታ፣ «ተነሡ፣ ጎበዝ። በሐሰት ዳቦ አልባርክም» ሲሉ ተሰማ። መቋሚያቸው ድንጋዩን እየመታ ራቀ። «ታዲያ እኔን ለምን አስመጣችሁኝ!» ብሎ ስጦታው አንባረቀ፤ የግቢው ቆርቆሮ በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

በሳንቃዎቹ ክፍተት የአባቷ አዲስ ጋቢ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«አዋረድሽኝ» አሉ።

የወጡ ሽታ እሳቸውም ዘንድ እንደሚደርስ ሰገነት ታውቃለች። ከቁርስ ወዲህ እንዳልቀመሱም ታውቃለች። ሌላ ብልት ከድስቱ አወጣችና ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት ያዘች። መቀርቀሪያውን አልነካችውም።

ከጎኗ ሰሎሜ በቀኝ መንጋጋዋ ብቻ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ቀስ እያለች ታላምጣለች። ውጣ ስትጨርስ ማንም ሳያጎርሳት እጇን ወደ ትሪው ዘረጋች።