ከካሜራው ጀርባ

ፎቶ አንሺው አርባ ፎቶዎች በኢሚግሬሽን ቢሮው የመስታወት መስኮት ሥር አሾለከ። እሱ በሰው አገር ቋሚ ነዋሪ ነው፤ አገር ቤት የቀረችው ሚስቱ እንድትመጣለት ግን ትዳራቸው የእውነት መሆኑን ማሳየት ነበረበት። የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው፦ ሚስቱ በሙሽራ ቀሚስ፣ ሚስቱ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ፣ ሚስቱ ዝናብ አበስብሷት።

«ቆንጆ ናት» አለች ሠራተኛዋ። «እርስዎስ የታሉ?»

 የገዛ ሰርጉን እንኳ ሌላ ሰው ያበላሽብኛል ብሎ ራሱ ነበር ያነሳው። እጁን በመስኮቱ ሥር አሾልኮ ፎቶዎቹን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ በአንደኛው ላይ ከእግሯ ሥር የተጋደመ ጥላ አገኘ።

«ይኸው! ይሄ እኔ ነኝ።»

«ጥላ አይመሰክርም፣ ጌታዬ» አለችና ፎቶዎቹን ከነማመልከቻው መለሰችለት።

በአርባውም ላይ ሚስቱ እሱን እያየች ትስቅ ነበር።