መካከለኛው ጠብታ

በባሏ በሰይፈ አርባ ዋዜማ፣ ንጋት ቡሬ ወዳለው ቤተ ሙከራቸው ተመለሰች። ኢንዶል የተባለውን ኬሚካል ስፓይሮ ወደሚባል አዲስ ውህድ ለመለወጥ አብረው የጀመሩት ሥራ ገና አላለቀም።

«ልጄ፣ ነገ አርባው አይደል? ምነው ዛሬን እንኳ ብታርፊ» አሏት የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ሥርጉት።

«ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ፣ እማማ።»

ከንፈራቸውን መጠው፣ በሩን ዘግተውላት ሄዱ።

ንጋት በሲሊካ በተለበጠችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ በግራ ኢንዶሉን፣ በቀኝ አዲሱን ውህድ በጠብታ አስነካች። ለማነጻጸር ሁለቱን መካከል ላይ በአንድ ጠብታ የሚደርበው ሁልጊዜ ሰይፈ ነበር። «መካከሏን ለኔ ተይልኝ» ይላት ነበር። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ብቻ የሚታዩትን ነጥቦች በእርሳስ የሚከባቸውም እሱ ነበር፤ የክቡን ጫፍ ግን አገጣጥሞት አያውቅም፣ ትስቅበት ነበር።

ዛሬ መካከሉን ባዶ ተወችው።

የሰሌዳዋን ግርጌ ማሟሟያ ፈሳሽ ውስጥ አቆመች፤ ፈሳሹ ውህዶቹን እየለያየ ወደ ላይ ወጥቶ ሲያበቃ መብራቱ ሥር አስገባቻት። ግራው ታየ። ቀኙ ታየ። መካከል ላይም ሁለቱ፣ አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው ታዩ።

እርሳስ ልታነሳ ዘወር አለች። ስትመለስ መካከለኞቹ ነጥቦች ተከበዋል።

ጫፉ አልገጠመም።