ካርታዬ ላይ ያለችው ቀጭን መንገድ

አንድን ሰው በካርታ ምክንያት ከእንጀራው አፈናቅያለሁ።

ካርታው የአባቴ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ከቀያሾች ጋር ተራራ ለተራራ ሲዞር ያገኘው ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ልብስ ሰፊዋ እናቴ፣ ከመቀሷ፣ ከሜትሯና የልብስ ቅድ ከምታሰምርባት ጥርሳም ትንሽ መንኮራኩር ጋር ሳጥን ውስጥ አኖረችው። ሳገባ የሠርግ ቀሚሴን ራሷ ሰፋችልኝ፤ ካርታውንም «የአባትሽ ማስታወሻ» ብላ ጨመረችልኝ።

አምቦ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከክፍል ስመለስ ካርታውን ዘርግቼ በጣቴ ወንጪን እወጣለሁ። ቡናማዎቹ መስመሮች ሲጠጋጉ ገደል ነው፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሲራራቁ ሜዳ ነው፤ አረፍ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። በእግሬ ግን ከመናኸሪያው በላይ ዳገት ወጥቼ አላውቅም።

ከሁሉም የምወዳት አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች። ከወንጪ ሐይቅ አፋፍ ተነስታ፣ በሚያምር ቅስት ሸንተረሩን ዞራ ትወርዳለች። ነጥብ ነጥብ ናት። ዓይኔን ጨፍኜም በጣቴ እከተላታለሁ። በካርታው የምልክቶች ማብራሪያ ውስጥ የለችም፤ ረስተዋት ነው አልኩ።

በ1998 ዓ.ም. የመምህራን ሽርሽር ወንጪ ሆነ። መሪነቱን ማንም ሳይሰጠኝ ወሰድኩ።

የወንጪ ባለፈረሶች በተራ ነው የሚሠሩት። እንግዳ ያታለለ ተራውን ያጣል። የዕለቱ ተረኛ ኦቦ ሌታ ካርታዬን አይተው ሳቁ።

«ቲቸር፣ እዚህ መንገድ የለም። ፍየልም አትወርድበት።»

«በእግራችን ከሄድን ፈረስዎን ማን ይከራያል፣ አይደል?»

«በዋቃ ስም! ፈረሱን በነጻ ውሰዱ። እዚያ ብቻ አትሂዱ።»

በነጻ ማለታቸው ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ወረድን። ጭቃና ቁጥቋጦ ነው።

«ሸዋዬ፣ መንገድሽ የት ገባች?» አለች የእንግሊዝኛ መምህሯ ናኦሚ፣ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች።

«ባለፈረሶቹ ሆን ብለው አጥፍተዋታል!» አልኩ።

ወዲያው ናኦሚን ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት። ኦቦ ሌታ ፈረሳቸውን አፋፉ ላይ አስረው ወረዱ፤ አዝለውም አወጧት። ዋጋ አልጠየቁም። የጥፋተኛ ጸጸት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ከዚያ የባለፈረሶቹ ሽማግሌ ፊት ካርታውን ዘርግቼ ከሰስኳቸው። ለፈረስ ኪራይ ብለው መንገድ ደብቀዋል አልኩ። ሽማግሌው የታተመውን ወረቀት ሲመለከቱ ቆዩ።

«ሌታ፣ የመንግሥት ካርታ ይዋሻል?»

«ካርታ አላውቅም። እኔ የማውቀው ገደሉን ነው» አሉ ኦቦ ሌታ።

ተራቸውን ተነጠቁ። በዓመቱ ፈረሳቸውን ሸጠው ከአገሩ መሄዳቸውን ሰማሁ። እኔም «እውቀት ያሸንፋል» እያልኩ ያቺን መንገድ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖርኩ።

አምና እናቴ ቤት ካርታውን ዘርግቼ ጀብዱዬን ስተርክላት፣ መነጽሯን አድርጋ ቀጭኗን መንገድ በጣቷ ተከተለቻትና ፊቷ በራ።

«ውይ፣ የመንኮራኩሬ ምልክት እስካሁን አለች? የሠርግ ቀሚስሽ እጅጌ እኮ ናት!»

እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።