የጋለው ኩሽኔታ

ሙሉቀን ጠዋት በሰው አገር፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ያለውን የእንጨት ሥራ ቤታቸውን እንደከፈተ፣ ማሽኑን ሳያስነሳ የመጋዙን ኩሽኔታ በእጁ ጀርባ ይዳስሳል፤ ልክ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ። ግራሶ ጠጥቶ ያደረ ኩሽኔታ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ሰሞኑን ግን ጠዋት ጠዋት ይፋጃል። ግራሶ ያነሰው መስሎት ጨመረለት፤ ለውጥ የለም። ሌሊት መጋዙን የሚያሠራ ሰው አለ ማለት ነው።

ሌላው ባለቁልፍ ሸሪኩ ሱፊያን ብቻ ነው።

«ሱፌ፣ እኔ ስሄድ የግልህን ሥራ የምትሠራ ከሆነ ንገረኝ፤ አልጣላህም።»

«ወላሂ አልነካሁትም! ከጠረጠርከኝማ ሽርክናው ዛሬውኑ ይፍረስ።»

ሙሉቀን ሳያረጋግጥ ሰው መወንጀል አይወድም። በዚያው ምሽት ኩሽኔታውን ፈታ፣ በጨርቅ ጠቀለለና ይዞት ቤቱ ገባ። ያለ ኩሽኔታ መጋዙ ከቶ አይዞርም።

በማግስቱ ጠዋት ኩሽኔታውን ጃኬቱ ኪስ ከቶ መጣ። ሱፊያን የተቆለፈው በር ላይ ይጠብቀው ነበር።

«ሳውቦና፣ መርማሪው!» አለው በአገሬው ሰላምታ እየሳቀ፤ «እሺ፣ ሌባውን ያዝከው?»

ሙሉቀን ሊመልስለት ሲል ጎኑን አንዳች ነገር ለበለበው። ጥቅሉን ከኪሱ መንጭቆ አወጣው። ከቤት ሲወጣ በረዶ የነበረው ኩሽኔታ ግሏል፤ ግራሶው ቀልጦ በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠባል።

ሱፊያን ሳቁን ዋጠ። ከተቆለፈው በር ወዲያ ኩሽኔታ የሌለው መጋዝ እንጨት ሲሰነጥቅ ይሰማል።

«ሱፌ፣ ይቅር በለኝ» አለ ሙሉቀን በለሆሳስ።

ያኔ መጋዙ ቀጥ ብሎ ቆመ።