የሕፃኗ ግንባር

አጥንት የሚያለሰልሰው ቅባት ሱቅ ከገባ ወዲህ ፊቱን በላስቲክ ማሰሪያ ወጥሮ የማይውል ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። እኔና ባለቤቴ አስናቀም የተዋወቅነው ከተወጠርን በኋላ ነው። ማሰሪያው ሦስት ቀን ከተፈታ የድሮው ፊት ይመለሳል፤ ማን ደፍሮ ይፈታዋል!

አራስ ሊጠይቁ የመጡት አክስቴ እትዬ ብርነሽ ገንፏቸውን በልተው ልጄን አቀፏትና፣ «ለመሆኑ ማንን መሰለች?» አሉ። እኔን አዩ፤ አስናቀን አዩ። ያ ሜዳ የሚያክል ግንባሯ የማናችንም አልነበረም።

«አስናቀ፣ ይሄ ግንባር የማን ነው?» አልኩት።

አቀረቀረ። ከዚያ ማሰሪያውን ፈቶ ምስማር ላይ ሰቀለው።

በአራተኛው ቀን እትዬ ብርነሽ ተመልሰው መጡ። በሩን የከፈተላቸው አስናቀ ነበር። ገና ሲያዩት እልልታቸውን አቀለጡት፤

«ቁርጥ ልጁን!»