የቀደመው ጣት

አበዳሪው ውሉን አነበበ፦ ስድሳ ሺህ ብር ለልጅቱ የንግግር ሕክምና ትምህርት፤ እስኪመለስ በወለዱ ፈንታ የአባትዋን የወንዝ ዳር ማሳ አበዳሪው ያርሳል፤ በሦስት ዓመት ካልተመለሰ ማሳው የአበዳሪው ነው።

"ዲግሪው ብቻ አራት ዓመት ነው! ደሞዝ የማገኘው ከዚያ በኋላ ነው" አለች ልጅቱ።

"የተብታባ ምላስ ለምታቃና ደግሞ ማን ደሞዝ ይከፍላል? አያ ደምለው፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አለ አበዳሪው።

አባትዋ አፉን ከፈተ። "አ... አ..." የአንገቱ ሥር ተገተረ። ለምስክርነት የተጠሩት ሽማግሌ ተብዬዎች ሣቁ። ልጅቱ ቃሉን ልትጨርስለት ትችል ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሌላው ሲጨርስለት ነው የኖረው።

"ይጠብቁት፣ ጋሼ" አለች።

"እሱ እስኪጨርስ ገበያው ይፈታል!" አበዳሪው የአባትዋን አውራ ጣት ይዞ ቀለም ነከረና ወረቀቱ ላይ ተጫነው።

"አ... አልፈርምም" አለ አባትዋ በመጨረሻ። ውሉ ግን ታጥፎ አበዳሪው ኪስ ገብቶ ነበር።