ያልተቆረጠው አደይ

ወረቀት መሥራት ከተከለከለ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗል። የተረፈው ደን እንዳያልቅ የወጣ ሕግ ነበርና ብዙ ሰው አላጉረመረመም። ደሴ የምትኖረው ውብአንቺ ግን በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከልጇ ከማኅቶት ጋር በር ላይ የሚሰቀል የወረቀት አደይ መሥራቷን አልተወችም። ካላንደሩን፣ የድሮ ደብተሩን፣ የመድኃኒት ካርቶኑን ሳይቀር እየቆረጡ ጨረሱት።

ዘንድሮ ቤት ውስጥ የቀረው ሟቹ ባሏ ገረመው ሳይጋቡ የላከላት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና መቀሱን አነሣች።

«እማዬ፣ ምን ይላል?» አለች ማኅቶት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግን ማንም አላስተማራትም።

«‹እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ ጫማዬም አፉን ከፍቷል። አንቺስ ደህና ነሽ ወይ?› ይላል።»

ማኅቶት ሳቀች። አባቷን አታስታውሰውም። ፊደሎቹን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይሄ ጠማማ ጠማማው በእሱ እጅ የተጻፈ ነው?» አለች።

«አዎ፣ በእሱ እጅ ነው።»

ውብአንቺ መቀሱን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች፤ እጇ ግን እምቢ አላት። ልጅቷ ደብዳቤውን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው።

«አንቁረጠው እማዬ። አጥፈን እንሥራው።»

እያጠፉ እየፈቱ ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ አንዱ ቅጠሉ ከሌላው የሚረዝም አበባ ወጣላቸውና በክር አሥረው በሩ ላይ ሰቀሉት።

በበዓሉ ጠዋት ጎረቤታቸው እትዬ ዘርትሁን ብቅ አሉና፣ «የዘንድሮው አደያችሁስ ተንጋዷል!» አሉ።

«እስከ መስቀል ይቆይና እንፈታዋለን» አለች ማኅቶት። «ከዚያ እማዬ የእጅ ጽሑፉን ማንበብ ታስተምረኛለች።»